አመልካችን ውድቅ የሚያደርግ ሰው ይፈርም

ለ፦ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት
ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ለኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በቅጥር ሥራ ላይ የሚውልበት ሥርዓት እንዲበጅለት ስለመጠየቅ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

በአዲስ አበባ መሀል ከተማ በሰው ሀብት አስተዳደር ሙያ የማገለግል ሰው ነኝ። የዕለት ሥራዬ የሰው ማስረጃ ማገላበጥ ነው፤ ዲግሪ፣ የሥራ ልምድ፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ የዋስትና ቅጽ። ይህን ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል ከማስገባት ይልቅ በአደባባይ የምጽፈው ጉዳዩ ሥራ ፈላጊውንም፣ አሠሪውንም፣ እኛን ባለሙያዎቹንም ስለሚነካና ሁላችንም በግልጽ ልንነጋገርበት ስለሚገባ ነው።

የማመለክተው ይህን ነው። አመልካቾችን የሚያጣራ፣ ነጥብ የሚሰጥና ከዝርዝር የሚያስወጣ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም በግል ድርጅቶች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። ፕሮግራሙ ሰውን ውድቅ ሲያደርግ ምክንያት አይጽፍም፤ አይፈርምም። ለውሳኔው የሚጠየቅ ሰውም በወረቀት ላይ አይገኝም። ከሁሉ በላይ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ሰው ሥራ በተከለከለ ቁጥር ማስረጃውን ያየ፣ የተከለከለበትን ምክንያት የሚያውቅና በስሙ የፈረመ ሰው ይኑር።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አራት ኪሎ፣ በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አካባቢ፣ ጋዜጣ በኪራይ እያነበቡ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ የሚገለብጡ ወጣቶችን የከተማችን ሰው ያውቃቸዋል። ያን ጊዜ ለማመልከት ዋናውንና ቅጂውን ይዞ በአካል መሄድ፣ መሰለፍ፣ መመዝገብ ግድ ነበር። ድካሙ ራሱ የአመልካቹን ቁጥር ይወስነው ነበር። አሁን ማስታወቂያው በቴሌግራምና በድረ ገጽ ይወጣል፤ ሰውም ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ ያመለክታል። ይህ ለሥራ ፈላጊው፣ በተለይም የታክሲ ሒሳብ ለሚቸግረው ወጣት፣ ትልቅ እፎይታ ነው። በእኛ በኩል ግን ለአንድ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ መደብ በመቶዎች የሚቆጠር ማመልከቻ ይደርሳል ማለት ነው። ጥቂት ሰው ያለበት የሰው ሀብት ክፍል ይህን ሁሉ በሳምንት ውስጥ አንብቦ እንዲጨርስ ሲታዘዝ፣ ፕሮግራም ይዞ የመጣን ሻጭ በደስታ ቢቀበል አይገርምም። የሙያ ባልደረቦቼን አልወቅስም፤ ጫናውን አውቀዋለሁ።

በአገራችን የቅጥር አሠራር ውስጥ ግን አንድ ውድ ነገር አለን፤ ቃለ ጉባኤ። የቅጥር ኮሚቴ ይሰየማል፤ የአመልካቾች ስም ዝርዝር ይቀርባል፤ መስፈርቱን ያሟሉና ያላሟሉ ይለያሉ። ካላሟላው ሰው ስም ትይዩ «የሥራ ልምዱ በአንድ ዓመት ያንሳል» ወይም «የትምህርት መስኩ አግባብነት የለውም» ተብሎ ምክንያቱ ይሰፍራል። ከታች የአባላቱ ስምና ፊርማ አለ። ይህ አሠራር ብዙ ጊዜ እንደሚጣስ አውቃለሁ፤ ለፎርማሊቲ ብቻ የሚፈረምበት ቦታም ሞልቷል። ቢሆንም ቅር የተሰኘ አመልካች አቤት ሲል የሚገለጥ ወረቀት ነበረ። ፕሮግራሙ ከኮሚቴው በፊት ሲገባ ይህ ዋስትና ይጠፋል። ለኮሚቴው የሚደርሰው ፕሮግራሙ ያሳለፋቸው የሃያና የሠላሳ ሰዎች ዝርዝር ብቻ ነው። ቃለ ጉባኤውም የሚጻፈው በእነሱ ላይ ነው። የቀሩት መቶዎች እንዳመለከቱ እንኳ አንድ መስመር አይጻፍላቸውም።

በቅርብ የማውቀውን አንድ ጉዳይ ላቅርብ። ድርጅቱን አልጠቅስም፤ ዓላማዬ ማንንም ማሳጣት አይደለም። ለከፍተኛ የሒሳብ ባለሙያ መደብ ከምረቃ በኋላ አምስት ዓመት የሥራ ልምድ ተጠየቀ። አንዲት ባለሙያ አመለከተች። ዲግሪዋ የተጻፈው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሆን ጁላይ 2016 ይላል። የሥራ ልምድ ማስረጃዋ ደግሞ በአማርኛ ነው፤ «ከመስከረም 2009 እስከ ሰኔ 2016» ይላል። ማንኛውም ጀማሪ የፐርሶኔል ሠራተኛ ይህን ሲያይ ወዲያው ይገባዋል፤ እንደተመረቀች ሥራ ጀምራ ሰባት ዓመት ከአሥር ወር ሠርታለች። ፕሮግራሙ ግን ሁለቱንም በአንድ አቆጣጠር አነበባቸው። በእሱ ስሌት ይህች ሴት ከመመረቋ ሰባት ዓመት ያህል ቀድማ ሥራ የጀመረች፣ በተመረቀችበት ዓመት ሥራ የለቀቀች፣ ከዚያ ወዲህም ሥራ ፈትታ የተቀመጠች ሰው ሆነች። ከምረቃ በኋላ ያላት ልምድ ዜሮ ተባለና ከዝርዝሩ ወጣች።

ነገሩ የታወቀው ባለሙያዋ በአካል መጥታ «ምን ጎድሎኝ ነው?» ብላ ስለጠየቀች ብቻ ነው። መጀመሪያ የተሰጣት መልስ «ሲስተሙ ነው ያወጣሽ» የሚል ነበር። አጥብቃ ስትይዝ ፋይሏ በእጅ ተከፈተ፤ ስህተቱም ታየ። እስከዚያው ግን ሌላ ሰው ተቀጥሮ ሥራ ጀምሮ ነበር። በዚያው መንገድ ስንት ሌሎች እንደወደቁ ፕሮግራሙን ያቀረበው ድርጅት ሲጠየቅ መልስ አልነበረውም፤ ፕሮግራሙ ነጥብ እንጂ ምክንያት አይመዘግብምና። እነዚያ ሰዎች ዛሬም ብቁ እንዳልሆኑ የተነገራቸው መስሏቸው ቤታቸው ተቀምጠው ይሆናል። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ውድቅ የተደረገ ሰው ጥፋቱን ሁልጊዜ ከራሱ ነው የሚፈልገው።

ችግሩ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ አስተካክሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እኛ በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም የምንጠራ ሰዎች ነን፤ ከውጭ ተሠርቶ የመጣ ቅጽ ግን የቤተሰብ መጠሪያ ይጠይቃል፤ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ይሞላል። አንድ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ በዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ላይ ሌላ ዓይነት፣ በፋይዳ መታወቂያው ላይ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ክብ ማኅተም ፊደሉን የሸፈነበት፣ በስልክ ካሜራ የተነሣ የአማርኛ የሥራ ልምድ ደብዳቤም አለ። የእኛ ሰው እነዚህን ሁሉ አይቶ ያልፋል፤ ፕሮግራሙ «ማስረጃው አይጣጣምም» ብሎ ይጥላል።

ከዚህም የሚብሰው የክፍተት ዓመታት ጉዳይ ነው። ፕሮግራሞቹ በትምህርትና በሥራ መካከል የሚታይን ባዶ ዓመት የድክመት ምልክት አድርገው ነጥብ እንዲቀንሱ ሊሠሩ ይችላሉ። በ2012 በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ነበር። በጥቅምት 2013 በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ሲጀመር፣ በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ፣ የስንት ወጣት ትምህርት ተቋረጠ፣ ስንት መሥሪያ ቤት ተዘጋ፣ ስንት ሰው ማስረጃውን ጥሎ ተሰደደ? ልጅ ለማሳደግ ወይም የታመመ ወላጅ ለማስታመም ሥራ ያቋረጡ ሴቶችስ? በቃለ መጠይቅ ላይ «እነዚህን ሁለት ዓመታት የት ነበርህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱን ሰምቶ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። በዚያ ወረቀት ላይ ያለው ባዶ ቦታ የአመልካቹ ጥፋት እንዳልሆነ የዚህ አገር ሰው ያውቃል። ይህን እውቀት ወደ ፕሮግራሙ ያስገባ ማን ነው? የማንም ኃላፊነት ካልሆነ ደግሞ ማንም አያስገባውም።

ስለዚህ ጉዳይ ስናገር በቅን ልቦና የሚቀርብልኝ መከራከሪያ አለ፤ ልለፈው አልፈልግም። «ሰው ዘመድ አለው፤ ወገን ይለያል፤ እጅ መንሻ ይቀበላል። ማሽን ዘመድ የለውም» ይሉኛል። ይህን የሚሉት በትውውቅ ቅጥር የተገፉ፣ ፈተናውን አልፈው ስማቸው ከሰሌዳ ላይ የጠፋባቸው ሰዎች ናቸው። ሐዘናቸው እውነተኛ ነው፤ በሙያዬ ውስጥ ሆኜ አይቼዋለሁና አልክድም። ነገር ግን ማሽኑ የሚማረው ከየት ነው? ባለፉት ዓመታት ማን እንደተቀጠረ፣ ማን እንዳደገ ከሚያሳየው የእኛው መዝገብ ነው። መዝገቡ በትውውቅ ከተሞላ የሚማረው ትውውቅን ነው።

ይህ በሌላ አገር በተግባር ታይቷል። አማዞን ኩባንያ ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ የአመልካቾችን ሲቪ የሚመዝን ፕሮግራም አሠርቶ ነበር። ፕሮግራሙ የተማረው በአሥር ዓመት ውስጥ ለኩባንያው ከገቡ ማመልከቻዎች ሲሆን አብዛኞቹ የወንዶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሮግራሙ ሴቶችን ዝቅ አድርጎ እንደሚመዝን ኩባንያው ደረሰበት፤ ሲቪው ላይ «የሴቶች» የሚል ቃል ከተገኘ፣ ለምሳሌ የሴቶች የቼዝ ክበብ መሪ ነበርኩ የሚል ካለ፣ ነጥብ ይቀንስ ነበር። በመጨረሻም ሥራው ተቋረጠ፤ ሮይተርስ የተባለው የዜና ወኪልም በኦክቶበር 2018 ይፋ አደረገው። ያ ሁሉ ገንዘብና ባለሙያ ያለው ኩባንያ ማስተካከል ያቃተውን ነገር፣ ከኢንተርኔት ላይ በወር ክፍያ የተገዛ ፕሮግራም እዚህ ካዛንቺስ ወይም ሜክሲኮ ባለ ቢሮ ውስጥ አስተካክሎ ይሠራል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

የወንድሙን ልጅ የቀጠረ ሥራ አስኪያጅ ስም አለው፤ ፊርማው አለ፤ ይከሰሳል። ፕሮግራሙ ያንኑ አድልዎ ሲደግመው ግን ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ አንድ ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት ከሚሠራውም በላይ በብዙ ድርጅቶች በአንድ ጊዜ ይሠራዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ የኦንላይን ትምህርት ኩባንያ በአሜሪካ 365,000 ዶላር ለመክፈል የተስማማው በዚህ ዓይነት ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ 55 ዓመት የሞላቸውን ሴቶችና 60 ዓመት የሞላቸውን ወንዶች ማንም ሳያያቸው ያስወጣ ነበር። የተነቃበትም አንዲት አመልካች የልደት ዘመኗን ብቻ ለውጣ ያንኑ ማመልከቻ በድጋሚ ስታስገባ ለቃለ መጠይቅ ስለተጠራች ነው።

ፊትንና ድምፅን አይተን ጠባይ እንለያለን የሚሉ የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ፕሮግራሞች ደግሞ ከሁሉ የከፉ ናቸው። አዲስ አበባ የተወለደችው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከሌላዋ ተመራማሪ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው ጥናት፣ በገበያ ላይ የነበሩ ፊት ለይተው ፆታ የሚናገሩ ፕሮግራሞች ፈካ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ ቢበዛ 0.8 በመቶ፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 በመቶ ይሳሳቱ እንደነበር አሳይታለች። ወንድ ወይም ሴት መሆናችንን በትክክል መለየት ያቃተው መሣሪያ በራስ መተማመናችንን ሊለካ ነው ማለት ነው። የእኛን ወግ ደግሞ አስቡት። በደንብ ያደገ ልጅ በታላቅ ፊት ዓይኑን ሰበር ያደርጋል፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፤ ስለ ራሱ ብዙ መናገር ያፍራል። ይህን ጨዋነት የሚያውቅ ጠያቂ ልጁን ያደፋፍረዋል። ፕሮግራሙ «ድፍረት ይጎድለዋል» ብሎ ይጽፍበታል። በዚህ ሥራ ከታወቁት ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ሃየርቪው የፊት ገጽታ ትንተናውን መተዉን በ2021 አሳውቋል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በሥራ ቦታ የሰውን ስሜት የሚለይ ፕሮግራም ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ፣ ከሕክምናና ከደኅንነት ምክንያት በስተቀር፣ ከልክሏል። ሌላው ዓለም የጣለውን እኛ በቅናሽ እንዳንገዛ እሰጋለሁ።

አመልካቾችም በበኩላቸው በቻትጂፒቲ ማመልከቻ ማስጻፍ ጀምረዋል። ይህን የሚይዙ ናቸው የተባሉ መፈተሻዎችም አሉ፤ አንዳንድ ቀጣሪዎች በእነሱ ውጤት ብቻ ሰው ይጥላሉ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ሰባት እንዲህ ያሉ መፈተሻዎችን ሲሞክሩ፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች በእጃቸው የጻፏቸውን ድርሰቶች በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የማሽን ሥራ ናቸው ብለው ነበር። የእኛ ተመራቂ እንግሊዝኛውን በጥንቃቄ፣ በሚያውቃቸው ቃላት ብቻ ነው የሚጽፈው። በገዛ እጁ ጽፎ አጭበርባሪ መባል ምን ያህል እንደሚያቆስል መናገር አያስፈልገኝም።

ከቀጣሪው ወገን ደግሞ ብዙም የማይነገር ሌላ ልማድ አለ። የአመልካቾችን ሲቪ ከነፎቶግራፉ፣ ከነስልክ ቁጥሩ፣ ከነትውልድ ቦታው ወደ ውጭ አገር ፕሮግራም ገልብጦ «ከእነዚህ የሚሻለው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ። አመልካቹ ማስረጃውን የሰጠው ለአንድ መሥሪያ ቤት ነው። ወዴት እንደሄደ አልተነገረውም፤ ፈቃዱም አልተጠየቀም።

ስለ ራሳችን ሙያም ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ2023 አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አርቪንድ ክሪሽና፣ ከደንበኛ ጋር ከማይገናኙት 26,000 ያህል የኩባንያው የሥራ ቦታዎች፣ የሰው ሀብት ሥራን ጨምሮ፣ 30 በመቶው በአምስት ዓመት ውስጥ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊተኩ እንደሚችሉ ተናግሮ ነበር። የእኛ አገር መሥሪያ ቤቶች ያንን ፍጥነት ላይከተሉ ይችላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጀማሪው ባለሙያ ነው። አንድ የሰው ሀብት ባለሙያ ሰው መመዘን የሚማረው ንድፈ ሐሳብ አንብቦ አይደለም፤ መቶ ፋይል አገላብጦ፣ ተሳስቶ፣ አለቃው መልሶ እንዲያየው አዝዞት፣ አመልካቹን ፊት ለፊት አግኝቶ ነው። ይህን ሥራ ከጀማሪው ወስደን ለፕሮግራም ከሰጠነው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፕሮግራሙ ሲሳሳት «ተሳስተሃል» ሊለው የሚችል ሰው በመሥሪያ ቤቶቻችን አይኖርም። የዓመት ዕረፍት ማስላት፣ የሠራተኛ ጥያቄ መመለስ፣ የሥራ ዝርዝር ረቂቅ ማዘጋጀት፣ ተደጋግሞ የገባ ማመልከቻ መለየት፤ እነዚህን ፕሮግራሙ ቢሠራልን ደስ ይለኛል፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። የሰውን እንጀራ የሚወስን ፍርድ ግን ለእሱ ሊሰጥ አይገባም።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ መሠረቱ አለንና። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በአካል ጉዳት ምክንያት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። አሠሪው ሠራተኛ ሲያሰናብትም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲገልጽ ያስገድዳል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡልኝ እለምናለሁ። ከሥራ የሚወጣ ሰው ምክንያቱ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ ሥራ እንዳይገባ የተደረገ ሰው ግን ዝምታ ነው የሚደርሰው። አድልዎ ክልክል ነው ተብሎ ምክንያቱ ካልተጻፈ፣ አድልዎ መደረግ አለመደረጉ በምን ይታወቃል?

መፍትሔው ምን እንደሚመስል የሚጠቁም ሕግም በእጃችን አለ። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ በቅጥር አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። አለማድላቱን ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው። ይህን ሕግ ያወጡ ሰዎች፣ ማስረጃው ሁሉ በአሠሪው እጅ ሆኖ ሳለ አመልካቹን «አስረዳ» ማለት ፍትሕ እንዳልሆነ ተረድተው ነበር። በፕሮግራም የወደቀ አመልካች ከዚህ የባሰ ጨለማ ውስጥ ነው ያለው፤ በአሠሪው እጅ እንኳ ማስረጃው የለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ሰዎች በግል መረጃቸው ላይ ያላቸውን መብት ደንግጓል፤ ተቆጣጣሪውም የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ብሔራዊው የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፖሊሲም በሰኔ 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። የጎደለው በቅጥር ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ሊዘረጋ የሚችል፣ «ይህን አድርግ፤ ይህን አታድርግ» የሚል መመሪያ ነው።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ከአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩቱና ከኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ ጋር ሆኖ እንዲህ ያለ መመሪያ እንዲያወጣ እጠይቃለሁ። ከሁሉ አስቀድሞ፣ በፕሮግራም ተጣርቶ የወጣ አመልካች ሁሉ ስሙ ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፤ ምክንያቱን አይቶ ያረጋገጠው ባለሙያም ስሙን ጽፎ ይፈርምበት። «መቶዎችን በእጅ ማየት አይቻልም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይቻላል። ዲግሪ የተጠየቀበት መደብ ላይ ዲፕሎማ ያስገባን ሰው ለማየት ጥቂት ሰከንድ ይበቃል፤ ጊዜ የሚወስዱት አጠራጣሪዎቹ ናቸው፤ ጊዜ ሊሰጣቸው የሚገባውም እነሱ ናቸው። ፕሮግራሙ ይደርድር፣ ያመልክት፤ የሚወስነው ግን የፈረመው ሰው ይሁን። ምክንያቱን መጻፍ የማይችል ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ለቅጥር ሥራ አይመጥንምና አይገዛ።

የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያውም ማጣሪያው በፕሮግራም እንደሚደረግ አስቀድሞ ይናገር። የኒውዮርክ ከተማ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገችው ሕግ ቀጣሪዎች ይህን አስቀድመው ለአመልካቹ እንዲያሳውቁ፣ ፕሮግራሙም በየዓመቱ በገለልተኛ መርማሪ ለአድልዎ እንዲፈተሽ አዛለች። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ ለቅጥር የሚውሉትን ፕሮግራሞች ከፍተኛ አደጋ ካላቸው መካከል መድቧቸዋል። የእኛ ፍተሻ የራሳችንን ነገር ይጨምር፤ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የተጻፈ ልምድ፣ የአማርኛና የሌሎች ቋንቋዎቻችን ማስረጃ፣ የስም አጻጻፍ ልዩነት፣ ከጦርነት አካባቢ የመጣ የትምህርት ማስረጃ። ይህን ፍተሻ ለመሥራት አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩቱ ባለሙያ አለው። ፊትና ድምፅ አይቶ ጠባይ የሚገምት መሣሪያ በቅጥር ላይ በጭራሽ እንዳይውል ይከልከል። ቅር የተሰኘ አመልካች ማንን እንደሚያነጋግርም ይታወቅ፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ገና አባሉ ያልሆነውን ይህን ሰው እንደ ነገ አባሉ ቆጥሮ እንዲቆምለት እለምናለሁ።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። መመሪያው እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። በነገው የቅጥር ኮሚቴ ስብሰባ ላይ «ፕሮግራሙ ያስወጣቸው እነማን ናቸው? ዝርዝራቸው ይምጣ» ማለት እንችላለን። ይህን የሚከለክል አለቃ ይኖራል ብዬ አላስብም፤ ካለም ጥያቄው በቃለ ጉባኤው ላይ ይመዝገብ።

ሚኒስቴሩ በዚህ ጉዳይ ላይ የምክክር መድረክ ቢጠራ፣ በተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ያሉ የሙያ ባልደረቦቼን ይዤ ለመቅረብ ዝግጁ ነኝ። ከላይ የጠቀስኩትን ዓይነት ጉዳዮችም የአመልካቾቹን ስምና መለያ ሸፍነን፣ በፈቃዳቸው እናቀርባለን። ከመድረኩ በፊት ግን ሚኒስቴሩ አንድ ነገር እንዲያደርግ እጠይቃለሁ፦ በዚህ በጀት ዓመት ቅጥር የሚፈጽሙ ድርጅቶች የማጣሪያ ፕሮግራም ይጠቀሙ እንደሆነና ያስወጧቸውን አመልካቾች መዝገብ ይዘው እንደሆነ በደብዳቤ ይጠይቅልን። መዝገቡ ከአሁኑ ካልተያዘ፣ እስከ ዛሬ የወደቁትን ሰዎች ነገ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

ከሰላምታ ጋር

የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ
አዲስ አበባ